ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በስደት አገር

የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስም በተነሣ ቁጥር አብዛኛው ምእመን የሚያስበው የስብከቱን ጣዕምና ንግሥቲቱን አውዶክስያን የገሠጸበትን ድፍረት ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ስሙ ራሱ የወጣለት በአንደበቱ ምክንያት ነውና። ነገር ግን የዚህን አባት ሕይወት በጥሞና ለሚመረምር ሰው፥ በመንበረ ጵጵስና ካሳለፈው ዘመን ይልቅ በስደት ያሳለፋቸው ሦስት ዓመታት አብልጠው ያስተምራሉ። ሰው ሁሉ የዮሐንስ ነገር አበቃ ባለበት በዚያ ጊዜ፥ እርሱ ባጣው ሳይታሰር፥ የሚመለስበትንም ቀን ሲቈጥር ሳይውል፥ በተጣለባት ስፍራ ላይ የእግዚአብሔርን ቸርነትና የሚሠራውን ሥራ አገኘ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ዮሐንስ የአንጾኪያ ሰው ነው። አባቱ ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ እናቱ አንቱሳ፥ በሃያ ዓመቷ መበለት ሆና ሳለች፥ ሁለተኛ ባል ሳታገባ አሳደገችው። ከአረማዊው መምህር ከሊባንዮስ የንግግርን ጥበብ ተማረ፤ ከዚያም በከተማው አጠገብ ወዳለው ተራራ ወጥቶ አራት ዓመት በአንድ አረጋዊ መነኵሴ ዘንድ፥ ሁለት ዓመት ደግሞ ብቻውን በዋሻ ተቀመጠ። ከጾሙና ከብርዱ ጽናት የተነሣ ጤናው ተበላሸ፤ ሕመሙም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። ወደ ከተማ ተመልሶ በ381 ዲቁናን፥ በ386 ቅስናን ተቀበለ።

በ387 የአንጾኪያ ሕዝብ በግብር ብዛት ተቈጥቶ የንጉሡን የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ሰባበረ። ቍጣው በበረደ ጊዜ ፍርሃት ተተካ፤ ባለጸጎች ወደ በረሓ ሸሹ፥ ገበያው ጭር አለ፥ የቀረውም ሰው የንጉሡን ሰይፍ ይጠባበቅ ጀመር። ኤጲስ ቆጶሱ ፍላብያኖስ ምሕረት ለመለመን ወደ ቁስጥንጥንያ ሲሄድ ዮሐንስ በዐቢይ ጾም ሕዝቡን ያስተምር ነበር። ያስተማረው ነገር ዛሬም ያስገርማል። ነገ እንሞታለን ብሎ ለሚንቀጠቀጥ ሕዝብ ስለ ሰማይ ውበት፥ ስለ መዓልትና ሌሊት መፈራረቅ፥ ፍጥረት ፈጣሪውን ስለ መመስከሩ ተናገረ፤ ከዚህም ጋር መሐላ መማልን እንዲተዉ ዕለት ዕለት ይመክራቸው ነበር። ከተማ ሊጠፋ ነው በሚባልበት ሰዓት ስለ መሐላ መምከር ለአንዳንዱ ሰው ተራ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የንጉሡ ውሳኔ በሕዝቡ እጅ አልነበረም፤ አንደበቱን መጠበቅ ግን በእያንዳንዱ ሰው እጅ ነበረ። ኋላም ንጉሡ ማራቸው።

በ398 ያለ ውዴታው ወደ ቁስጥንጥንያ ተወስዶ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተሾመ። የመንበሩን የግብዣ ወጪ ቈርጦ በገንዘቡ ለድሆች የሕሙማን ቤት ሠራ፤ ካህናቱንም ባለሥልጣኑንም ሳያዳላ ገሠጸ። ጠላት የበዛበትም በዚህ ነው። በ403 በኬልቄዶን አጠገብ በተሰበሰበው ጉባኤ እንዲሻር ያደረገው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ መሆኑ ከማርቆስ መንበር ክህነትን የተቀበልነውን እኛን ያሳዝነናል፤ ቢሆንም ታሪክን መሸፈን አይገባም። ወዲያው ቢመለስም ዕረፍት አላገኘም፤ በ404 በሰኔ ወር ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደደ።

መንገዱ ሰባ ቀን ያህል ፈጀ። ንዳድ ይዞት በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ባረፈ ጊዜ፥ ያረፈበትን ቤት ተቃዋሚ መነኮሳት ከበው እናቃጥላለን አሉ፤ ኋላም ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ጉዞውን ቀጠለ፤ የተሸከመችው በቅሎ ተሰናክላ ወደቀች፥ እርሱም በጨለማ ሰው እየደገፈው በእግሩ ተጓዘ። በመጨረሻ የደረሰባት ኩኩሶስ፥ ዛሬ በቱርክ አገር ጎክሱን የምትባለው፥ ገበያ እንኳ የሌላት፥ በተራሮች መካከል ያለች ብርዳም ቀበሌ ነበረች። ዙሪያዋን ኢሳውርያን የሚባሉ ወንበዴዎች ያስጨንቋታል።

ይህችን ቦታ ዮሐንስ እንዴት እንዳያት ማስተዋል ይገባል። ለወዳጁ ለዲያቆናዊቷ ለኦሎምፒያስ ሲጽፍ የስፍራውን ጸጥታ፥ የኤጲስ ቆጶሱን ፍቅር፥ ቤቱን ለክረምት አዘጋጅቶ የለቀቀለትን ሰው ቸርነት ነው ያስቀደመ። ሳቢንያና የምትባል አሮጊት ዲያቆናዊትም እርሱ ወዳለበት አብራው ልትሰደድ መጥታ ነበር። ክረምቱ ግን ሊገድለው ደረሰ፤ በሩን ዘግቶ፥ በጢስ ታፍኖ፥ ብዙ ልብስ ደራርቦ፥ ከአልጋው ሳይነሣ ከረመ። ጸደይ በገባ ጊዜ ግን እንደ ገና መተንፈስ መጀመሩን በደስታ ጻፈ። ናፍቆት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ወዳጆቹ ደብዳቤ ሲያዘገዩ አጥብቆ ይወቅሳቸው ነበር፤ ፍርዱም እንዲታይለት ወደ ሮም ጽፏል።

ሆኖም ፍርዱ እስኪመጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከስደቱ ዘመን 240 ያህል ደብዳቤዎቹ ይገኛሉ፤ ከእነዚህም 17ቱ ለኦሎምፒያስ የተጻፉ ናቸው። እርስዋ በኀዘን ተውጣ ነበርና፥ ኀዘን ነፍስን ከደዌ ይልቅ እንደሚጎዳት፥ ከኀጢአት በቀር በእውነት የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ አስረዳት። በፊንቄ ወንጌልን ለሚሰብኩ መነኮሳት ልብስና ጫማ ምግብም እንዳይጐድልባቸው ያስብ ነበር፤ ለጎት ሕዝብ የሚሾመው ኤጲስ ቆጶስ ማን እንደሚሆን ይጨነቅ ነበር። ወዳጆቹ በሚልኩለት ገንዘብ ኢሳውርያን የማረኳቸውን ሰዎች ዋጅቷል፥ ችግረኞችንም ረድቷል። ከከተማ ወደ ሩቅ ደብር ተዛውሮ፥ ዝውውሩ እስኪሻር ድረስ መቋሚያውን ተደግፎ ለሚጠብቅ አገልጋይ ከዚህ የሚሻል አብነት አላውቅም።

ምእመናን ከአንጾኪያ ወደ እርሱ መጕረፋቸውን ጠላቶቹ ባዩ ጊዜ፥ በ407 በጥቁር ባሕር ዳር ወደምትገኘው ወደ ፒትዮስ እንዲወሰድ አስፈረዱበት። ሁለት ወታደሮች በፀሐይና በዝናም ሦስት ወር ነዱት፤ አንደኛው በስውር ይራራለት ነበር፥ ሁለተኛው ግን ርኅራኄ አልነበረውም። በኮማና አጠገብ በሰማዕቱ ባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን አደሩ። በማግሥቱ ጥቂት እንዲያቈዩት ቢለምናቸው እምቢ አሉ፤ ነገር ግን ሕመሙ ስለ ጸናበት ከመንገድ መለሱት። በመስከረም ወር ነበረ። ነጭ ልብስ ለበሰ፥ የቀረውንም ዕቃ በዚያ ለተገኙት አካፈለ፤ ሥጋውንና ደሙን ተቀበለ፤ ስለ ሁሉ ነገር እግዚአብሔርን ማመስገን ልማዱ ነበርና ይህንኑ ምስጋና አድርሶ፥ አማትቦም ዐረፈ።

ቅዳሴ በስሙ የምትቀድስ ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 12 ቀን የምታስበው ፍልሰተ ዐፅሙ የተፈጸመው በ438 ነው። የቁስጥንጥንያ ሕዝብ ባሕሩን በጀልባና በመብራት ሞልቶ ተቀበለው። የአውዶክስያ ልጅ ንጉሡ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስም ፊቱን በሣጥኑ ላይ ደፍቶ ለአባቱና ለእናቱ ይቅርታን ለመነ።