ለጥቂት ያለፈው ሊቅ

አሲድና ቤዝ ስንማር የስቫንቴ አረኒየስን ስም ያልሰማን የለንም። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1859 በስዊድን አገር፣ በኡፕሳላ ከተማ አጠገብ ነው። በ1884 ጨው በውሃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክን እንዴት እንደሚያስተላልፍ የሚያብራራ የዶክትሬት ጽሑፍ ቢያቀርብ መምህራኑ ዝቅተኛ ውጤት ስለሰጡት ለጥቂት ነው ያለፈው። እሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ጽሑፉን በውጭ አገር ለሚገኙ ሊቃውንት ላከ። ያው ሐሳብ ዳብሮ በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አስገኘለት።

አረኒየስ በዚህ አላበቃም። ስፖር የተባለው የረቂቅ ሕዋሳት ዘር በብርሃን ግፊት እየተነዳ ከአንዱ ፕላኔት ወደ ሌላው ሊደርስ ይችላል አለ። ታዲያ አልትራቫዮሌት ጨረር መንገድ ላይ አይፈጀውም ወይ? ብለው ብዙዎች ተቃወሙት።

እሱ በ1927 ሞተ፤ ጥያቄው ግን አልሞተም። ከጠፈር ጣቢያ ውጭ ለ3 ዓመት በቆዩ ባክቴሪያዎች ላይ ጃፓናውያን ያደረጉት ጥናት በ2020 ታትሟል። ክምር ሆነው ከተቀመጡት ውስጥ የላይኞቹ ቢሞቱም ለታችኞቹ ጋሻ ሆነው አትርፈዋቸዋል። በአገራችንም በዳሎል አሲዳማ ኩሬዎች ሕይወት አለ፣ የለም የሚሉ ሁለት ጥናቶች በ2019 ወጥተዋል።

እኛም ነገ ክፍል ስንገባ፣ እንግዳ ሐሳብ ይዞ ለሚነሣ ተማሪ ዝቅተኛ ነጥብ ከመስጠታችን በፊት ደግመን እናስብ።