በሁለት ሙያ መካከል፤ የሐኪሙ ደራሲ የአንቶን ቼኾቭ ሕይወት

በብዕሩ ለመኖር የሚሻ ሰው ከድርሰት ጥያቄ በፊት የእንጀራ ጥያቄ ይገጥመዋል። ስሙ ሳይታወቅ፣ መጽሐፉም ሳይሸጥ የቤት ኪራዩና የዕለት ቀለቡ በምን ይሸፈናል? ሩሲያዊው ሐኪምና ደራሲ አንቶን ፓቭሎቪች ቼኾቭ ይህን ጥያቄ በምን መንገድ እንደ መለሰው መመርመር በሕክምና ሙያ ለተሰማሩ ሁሉ ልዩ ትርጉም አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቼኾቭ በ1860 በአዞቭ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በታጋንሮግ ከተማ ተወለደ። አያቱ የባለ መሬት ንብረት ሆነው የኖሩ ገባር ነበሩ፤ የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ነፃነት በገንዘብ የዋጁት በ1841 ነው። ሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ የነበሩት አባቱ በ1876 ከሰሩና በዕዳ ከመታሰር ለመዳን ወደ ሞስኮ ኮበለሉ። የ16 ዓመቱ አንቶን ትምህርቱን ለመጨረስ በታጋንሮግ ቀረ። ለሦስት ዓመት ያህል ልጆች እያስጠና፣ የተረፈውንም የቤት ዕቃ እየሸጠ ራሱን ቻለ፤ ከዚያችው ከጥቂቷም ቆጥቦ ለወላጆቹ ይልክ ነበር።

በ1879 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲገባ፣ የታጋንሮግ ከተማ በወር 25 ሩብል እንዲሰጠው ወሰነለት። ይህ ገንዘብ ለተቸገረው ቤተሰብ የሚበቃ ስላልነበረ ለቀልድ መጽሔቶች መጻፍ ጀመረ። በ1880 የመጀመሪያ ሥራዎቹን ያወጣለት ስትሬኮዛ የተባለው መጽሔት ለአንድ መስመር 5 ኮፔክ ይከፍለው ነበር። አንድ ሩብል 100 ኮፔክ ነውና፣ ሩብሏን ለማግኘት 20 መስመር መጻፍ ነበረበት። ከ1882 ጀምሮ የጻፈለት ኦስኮልኪ ዋጋውን ወደ 8 ኮፔክ ከፍ ቢያደርግለትም፣ አዘጋጁ ሌይኪን ከ100 መስመር ገደማ የሚበልጥ ጽሑፍ እንዲያመጣ አይፈቅድም ነበር። በመስመር ቁጥር የሚከፈለው ጸሐፊ ቃላት ለማብዛት ይፈተናል፤ የመስመሩ ገደብ ግን ቼኾቭን ማሳጠርን አስተማረው። ኋላ የተመሰገነበት ቁጥብነት አንዱ ምንጭ ይህ ነው። በዚያ ጊዜ አንቶሻ ቼኾንቴ በሚል የብዕር ስም ይጠቀም ነበር፤ እውነተኛ ስሙን ለሕክምና ሳይንስ አስቀምጦት ነበርና።

በ1884 ተመርቆ በቮስክሬሴንስክና በዝቬኒጎሮድ ሠራ። ሰዎች እንደሚገምቱት ግን ሕክምናው ደራሲውን አልመገበም። ድሆችና ወዳጆች ብዙውን ጊዜ ሳይከፍሉ ስለሚታከሙ፣ ሐኪሙን ያኖረው ብዕሩ ነበር። ሕክምናው የሰጠው ሌላ ሀብት ነው፤ ከገበሬ ጎጆ እስከ ባለ ሥልጣን ሳሎን የሚያስገባ በር፣ ሳይፈርዱ የመመልከት ልማድ፣ በጥቂት ምልክት ብዙ የመረዳት ችሎታ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ደም አሳለው። ሐኪም ሆኖ ሳለ ለመመርመር አልፈቀደም፤ ወላጆቹና ታናናሾቹ በእርሱ እጅ ነበሩ።

በ1886 ሱቮሪን የሚያሳትመው ኖቮየ ቭሬምያ ጋዜጣ በመስመር 12 ኮፔክ ይከፍለው ጀመር፤ ሥራዎቹም በእውነተኛ ስሙ ወጡ። በዚያው ዓመት አንጋፋው ደራሲ ግሪጎሮቪች በችኮላ መጻፉን ትቶ ተሰጥኦውን እንዲያከብር በደብዳቤ መከረው። የተሻለው ክፍያ ምክሩን ለመከተል ጊዜ ሰጠው። በ1888 ስቴፕ የተሰኘ ረጅም ታሪክ አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም በእኛ ዘንድ ስሙ በሚገባ በታወቀው በፑሽኪን የተሰየመውን ሽልማት ግማሽ፣ 500 ሩብል ተቀበለ።

ዝናው ከፍ ካለ በኋላም ሕክምናውን አልተወም። በ1890 ሳይቤሪያን አቋርጦ በሳኻሊን ደሴት የግዞተኞችን ኑሮ አጠና፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ የቆጠራ ካርድም ሞላ። በ1892 ሜሊኾቮ ሰፍሮ ሳለ የኮሌራ ሥጋት በመጣ ጊዜ 25 መንደሮችን፣ 4 ፋብሪካዎችንና አንድ ገዳምን ያለ ደመወዝ ተረከበ። በዚያ ወራት ለድርሰት ጊዜ አልነበረውም። በ1897 ሳንባው ክፉኛ ደምቶ ሆስፒታል ሲገባ የነቀርሳ በሽታው ተረጋገጠ፤ ሐኪሞችም ሥራውን እንዲተው አዘዙት። በ1899 የድርሰቶቹን የማሳተም መብት ለአሳታሚው ማርክስ በ75,000 ሩብል ሸጠ። ውሉ ለአሳታሚው እጅግ ያደላ መሆኑን ያዩ ወዳጆቹ እንዲሻሻል ሲነሡ፣ የፈረመውን ለማፍረስ አልፈቀደም። በ1904 በጀርመን አገር በባደንቫይለር ሲያርፍ ዕድሜው 44 ነበር።

ሁለት ሙያ መያዝ ጊዜንና ጤናን ያስከፍላል፤ ቼኾቭ ሁለቱንም ከፍሏል። ይሁን እንጂ ብዕሩ ሳይከፍሉ የሚታከሙትን ለመቀበል አስቻለው፤ ሕክምናውም ብዕሩን ከሰው ሕይወት እንዳይርቅ ጠበቀው። ከተረኛ ሥራ መልስ በሌሊት መብራት ብዕር ለሚያነሣ ባለሙያ ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ትንሹንም ክፍያ ሳይንቁ መጀመር፣ ጊዜው ሲፈቅድ ፍጥነትን መቀነስ፣ የሌላውን ጤና ሲጠብቁም የራስን አለመዘንጋት።