ስም የተሰረዘበት መጽሐፍ

ወንጀለኛ ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ኪስ አውላቂ ወይም ቤት ሰርሳሪ ድሃ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ኤድዊን ሰዘርላንድ ዕድሜያቸውን የፈጁት ይህን ሥዕል ሲሞግቱ ነው።

ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1883 በነብራስካ ግዛት ተወለዱ (ዘመኑ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)። አባታቸው የባፕቲስት ሰባኪና የኮሌጅ ኃላፊ ነበሩ። በ1913 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ ከ1935 ጀምሮ ደግሞ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በዘመኑ የወንጀል መንስዔ ይፈለግ የነበረው በድህነት፣ በአእምሮ ደካማነትና በፈረሰ ትዳር ውስጥ ነበር። እርሳቸው ግን ወንጀል ከቅርብ ባልንጀራ የሚለመድ ነገር ነው አሉ። ሰው ዘዴውን ብቻ ሳይሆን ድርጊቱን ትክክል የሚያስመስለውን ሰበብ ጭምር ከባልንጀሮቹ ይማራል። ከአህያ ጋር የዋለችውን ጊደር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ጊደሯን የቦርድ መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ መፈለጋቸው ነው።

በዲሴምበር 1939 ፊላደልፊያ ላይ የአሜሪካ ሶሲዮሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ባደረጉት ንግግር የባለነጭ ኮሌታ ወንጀል የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። የወንጀል መንስዔ ድህነት ከሆነ ባለጠጋው ለምን ያጭበረብራል? ከዚያም የ70 ታላላቅ ኩባንያዎችን መዝገብ አገላብጠው 980 ውሳኔዎች ተላልፈውባቸው አገኙ፤ በአማካይ ለእያንዳንዱ 14 መሆኑ ነው። ከእነዚህ የወንጀል ችሎት የሰጠው 158ቱን ብቻ ነበር።

የሕግ ባለሙያና ሶሲዮሎጂስት የነበሩት ፖል ታፓን በ1947 ተቃወሟቸው፤ በወንጀል ችሎት ያልተፈረደበት ወንጀለኛ ሊባል አይገባም የሚል ነበር ክርክራቸው። ሕግ የተማርኩ ነኝና ይህን ክርክር አቃልዬ አላየውም። ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ባለጠጋ በመሆን የሚቀር አይደለም። ይሁንና አንዱ ወደ ወንጀል ችሎት፣ ሌላው ወደ አስተዳደር ቢሮ የሚላከው በምን ሚዛን ነው የሚለውን የሰዘርላንድ ጥያቄ የታፓን ክርክር የሚመልሰው አይመስለኝም።

መጽሐፉ በ1949 ሊታተም ሲል አሳታሚው በስም ማጥፋት እንዳይከሰስ ሠጋ፤ ዩኒቨርሲቲውም እንዲሁ። ስለዚህ የኩባንያዎቹ ስም ተሰርዞ ወጣ። ሕግ ከወንጀለኛነት ስም ያተረፋቸውን ድርጅቶች ሊያጋልጥ የተጻፈ መጽሐፍ በዚያው ሕግ ተለጎመ። ሰዘርላንድ በኦክቶበር 1950 አረፉ። ሙሉው ቅጂ በየል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው በ1983 ነው። ሥጋ አቅራቢዎቹ አርመርና ስዊፍት፣ እንዲሁም ጄኔራል ሞተርስ ከነስማቸው የተነበቡት ያን ጊዜ ነበር።