የቁልፍ ሠሪው ልጅ ጊዮርግ ሲሞን ኦም

ባለፈው የኅዳር ብርድ በየካ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በተከራየናት ክፍል ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃዎች፥ አንዱን ለሽሮ ሁለተኛውን ለብርዱ፥ በአንድ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ላይ ሰካን። ሽሮው ሳይፈላ ገመዱ ቀለጠ። እኛም የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ጥፋቱን በመብራቱ ላይ ልንጥል ቃጣን፤ የኢንጂኔሪንግ ተማሪ የሆነ ጎረቤታችን ግን ስቆ የኦምን ስም ጠራልን። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ፈልገን አነበብን፤ ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ልናካፍል ወደድን።

ጊዮርግ ሲሞን ኦም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1789 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ሲሆን፥ በራሱ ጥረት ያጠናውን ሒሳብ ለልጆቹ አስተማረ። ኦም በ1805 ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ጊዜውን በዳንስ፥ በበረዶ ላይ ሸርተቴና በቢሊያርድ አባከነው። አባቱም ተቆጥቶ ከትምህርቱ አስወጣውና ወደ ስዊስ ላከው፤ በዚያም ሒሳብ ያስተምር ጀመር። ኋላ ተመልሶ በ1811 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ይህን የምንጽፈው ዳንስን ለመንቀፍ አይደለም፤ የባከነ ዓመት ሊካስ እንደሚችል ለማሳየት ነው እንጂ።

በ1817 በኮሎኝ ከተማ መምህር ሆነ። የእጅ ሥራ ከአባቱ ተምሮ ነበርና የምርመራ መሣሪያዎቹን ራሱ ይሠራ ነበር። የዘመኑ ባትሪ ኃይሉ እየዋዠቀ ስላስቸገረው፥ መዳብና ቢስሙት የተባሉትን ማዕድናት ገጥሞ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ፥ ሁለተኛውን በበረዶ ውስጥ አደረገ፤ ከዚህም የማይዋዠቅ ኃይል አገኘ። ርዝመታቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሽቦዎችን እየቀያየረ ሲለካ፥ ሽቦው በረዘመ መጠን የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በሥርዓት እንደሚቀንስ ተረዳ። ሕጉ አጭር ነው፤ ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል የሽቦው ተቃውሞ ይገኛል።

ይህንም በ1827 በመጽሐፍ አወጣ። ዳሩ ግን ከአገሩ ሊቃውንት ብዙዎቹ በሒሳብ የተሞላውን መጽሐፍ ናቁት። ኦምም በ1828 ሥራውን ለቆ በበርሊን በጥቂት ገቢ እያስተማረ ኖረ። በ1833 ኑረምበርግ ሥራ አገኘ፤ ታላቁ ክብር ግን የመጣለት ከውጭ አገር ነው፤ በ1841 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳልያ ሸለመው። በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነው በ1852 ሲሆን፥ በ1854 ሞተ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የተቃውሞ መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ወሰኑ።

አሁን ወደ ገመዳችን እንመለስ። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። 1000 ዋት ለ220 ሲካፈል አንዱ ምድጃ 4.5 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ተቃውሞውም 48 ኦም ገደማ ነው። ሁለቱ ምድጃዎች 9 አምፔር ይወስዳሉ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ጁል በ1841 እንዳስረዳው፥ በሽቦ ውስጥ የሚወጣው ሙቀት የሚታወቀው አምፔሩን በራሱ፥ ውጤቱንም በተቃውሞው በማባዛት ነው። የገመዳችን ተቃውሞ 1 ኦም ቢሆን፥ በአንድ ምድጃ 20 ዋት፥ በሁለት ምድጃ 81 ዋት ሙቀት በገመዱ ላይ ይወጣል። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ሆነ።

ሽሮአችንን ያጣነው መብራቱ ከድቶን ሳይሆን፥ አንዲት ማካፈልና አንዲት ማባዛት ስለናቅን ነው። የኮሎኙን መምህር መጽሐፍ የናቁት ሊቃውንትም ጥፋታቸው ከእኛ የራቀ አልነበረም።