ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የትምባሆ ክልከላ

ለአገር ነጻነት ሲሉ በጦር ሜዳ የወደቁት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጉንደት፣ በጉራዕና በመተማ ስማቸው የታወቀ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣውን አንድ ሥራቸውን፣ ይኸውም በትምባሆ ላይ ያደረጉትን ክልከላ፣ ከሕይወት ታሪካቸው ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

በልጅነት ስማቸው ካሳ የሚባሉት እኒህ ንጉሥ አባታቸው የተምቤኑ ሹም ምርጫ፣ እናታቸው የእንደርታዋ ወይዘሮ ስላስ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ዙፋኑን የያዙትን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ድል አድርገው፣ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ዘውድ ጫኑ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ወሰን ጥሶ ቢመጣ በኅዳር ጉንደት ላይ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ጉራዕ ላይ አሸንፈው መለሱት።

ዐፄ ዮሐንስ በግል ኑሯቸው እንደ መነኩሴ የሚቈጠሩ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ሌላ ሚስት አላገቡም፤ ጾምና ጸሎትም አያስታጕሉም ነበር። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ካህናት ትምባሆን እንደ ርኩስ ነገር ያዩት ስለ ነበር፣ ንጉሡም ይህን አሳብ ተቀብለው ጋያ ማጨስንና ሱረት መሳብን ከለከሉ። የጊዜው የውጭ አገር መንገደኞች እንደ ጻፉት፣ ያጨሰ ሰው ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበም አፍንጫውን ይቈረጥ ነበር።

ይህ ቅጣት ብቻውን የቆመ አልነበረም። ንጉሡ አገር የምትጸናው ሕዝቡ በአንድ ሃይማኖት ሲኖር ነው ብለው ያምኑ ነበርና፣ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሰብስበው የቤተ ክርስቲያንን የትምህርት ክርክር አስወሰኑ። ወዲያውም የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ እንደ ሼክ ጦልሓ ያሉት ግን እምቢ ብለው በመሣሪያ ተቃወሙ። ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙም ተሰደደ። የሰውን ከንፈር የሚቈጣጠር ሥልጣን የሰውንም ልብ ለመቈጣጠር እንደሚሻ ከዚህ እንረዳለን።

ዐፄ ዮሐንስ ደርቡሾችን ለመውጋት ዘምተው በመጋቢት ወር መጀመሪያ 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቈስለው ሞቱ። አገርን ለመጠበቅ ሲሉ የከፈሉት ዋጋ የማይረሳ ነው። ክልከላቸው ግን ከእሳቸው በኋላ አልጸናም። ትምባሆም ከአገር አልጠፋም፤ እንዲያውም በኋላ ዘመን መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ከሽያጩ ገቢ ይሰበስብ ነበር።

ዛሬም ክልከላ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስን ይከለክላል። አንዳንድ ሰዎች ይህም የግል ነጻነትን መንካት ነው ይላሉ። ነገር ግን የሁለቱ ሕግ መሠረት አንድ አይደለም። የፊተኛው ያጨሰውን ሰው ስለ ራሱ ልማድ አካሉን አጕድሎ ይቀጣ ነበር፤ የዛሬው ግን በአጠገቡ የተቀመጠውን ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላውን ሰው ጢስ በመሳብ ብቻ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይሞታሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ሲያጨስ ሌላው ሳይወድ ይስባልና፣ የዚያኛውም ነጻነት ሊታሰብለት ይገባል።

ስለዚህ ተማሪም ሆነ ወጣት ሹም አንድ ክልከላ ሲቀርብለት ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። ክልከላው የሚጠብቀው ማንን ነው? ቅጣቱስ ከጥፋቱ ጋር ይመዛዘናል? ሕግ የሰውን ጤና ሲጠብቅ ይከበራል፤ የሰውን ኅሊና ለመግዛት ሲነሣ ግን፣ ያወጣው ንጉሥ የቱን ያህል ጀግናና ጻድቅ ቢሆን፣ ሕዝቡን ያስከፋል እንጂ ልማዱን አያስተወውም።