ሀዲስ አለማየሁ፦ ከቅኔ ማኅሌት እስከ አየር ሞገድ

ቁስቋም ከእንጦጦ ተራራ ሥር የተጠጋ የጉለሌ መንደር ነው። ማለዳ ማለዳ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ከባሕር ዛፉ መካከል ወጥተው በደጃችን ያልፋሉ። ከእነርሱ አንዷ፣ ዛሬ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ፣ ፊደል አልቆጠሩም። ይሁን እንጂ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ሲያወሩ በአንድ ዘመን አብረዋቸው የኖሩ ሰዎች ነገር የሚያነሡ ይመስላሉ። መጽሐፉን አላነበቡትም፤ በሬዲዮ ሰምተውታል። ማኅበራችን ለዓመታዊ መጽሔቱ አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ ልቡናዬ የመጣው ይኸው ነገር ነበር። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው በተረፈው ጊዜ የጻፈው የፍቅር ታሪክ፣ ፊደል ወዳልቆጠረች እናት ልብ የደረሰው በምን መንገድ ነው?

ክቡር ዶክተር ሀዲስ አለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወለዱ። የልጅነት ትምህርታቸው የቤተ ክህነት ነበር። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ዜማና ቅኔ ተምረዋል። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ኑሮ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ዘመን ለደራሲው ከቃላት ሀብት በላይ ያተረፈላቸው ነገር እንዳለ ግልጽ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ በየደጁ እየለመነ የሚማር ተማሪ የባላገሩንም የመኳንንቱንም ቤት ከበር ላይ ሆኖ ያያል። ማን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚከለክል፣ ማን በማን ላይ እንደሚኮራ ያውቃል። በኋላ በልብ ወለዳቸው ውስጥ ዲማን የታሪኩ ሥፍራ ያደረጉት በሩቅ ሰምተው ሳይሆን በእግራቸው ረግጠው ስለሚያውቁት ነው።

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ። በተማሪነታቸውም ዘመን የሐበሻና የወደ ኋላ ጋብቻ የተሰኘውን ቴአትር ጻፉ። ቀጥሎ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው በመምህርነት አገልግለዋል።

የጣሊያን ወረራ በመጣ ጊዜ ወጣቱ መምህር ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ። ጦሩ ከሰሜን ወደ ምዕራብ ካፈገፈገ በኋላ በታኅሣሥ 1929 በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከቦ እጁን ሰጠ፤ ሀዲስም ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። በፖንዛ ቀጥሎም በሊፓሪ ደሴት በግዞት ቆይተው የተባበሩት ኃይሎች ነጻ ያወጧቸው በ1935 ዓ.ም. ነው። ሰው ጉልበቱና ምኞቱ በሚበረታበት በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ መካከል ሰባት ዓመት ያህል በባሕር ተከቦ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። የዚያን ዘመን ታሪክ ትዝታ በተባለው መጽሐፋቸው ለትውልድ አቆይተውልናል።

ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ጀመሩ። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ አትላንቲክ ሲቲ በተደረገው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ላይ ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ለእኛ ለመሐንዲሶች ይህ ጉባኤ እንግዳ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሬዲዮ ሞገድ በአገሮችና በአገልግሎቶች መካከል እንደገና የተደለደለው፣ የሞገድ ምዝገባን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ቦርድም እንዲቋቋም የተወሰነው በዚያ ነው። የቅኔ ተማሪ የነበሩት ሰው አየሩ በኪሎሳይክልና በሜጋሳይክል ሲከፋፈል በሸንጎው ተቀምጠው ነበር። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ የገዛ ድርሰታቸው በዚሁ አየር ተሳፍሮ ወደ ሕዝብ ይሄዳል ብሎ በዚያን ጊዜ ማን ሊገምት ይችል ነበር?

ከዚያም በዋሽንግተንና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኢትዮጵያን ወክለዋል። የትምህርት ሚኒስትር፣ በብሪታንያ አምባሳደር፣ ቀጥሎም የፕላንና ልማት ሚኒስትር ሆነዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ብዕራቸውን አልጣሉም። ተረት ተረት የመሠረት የተባለው መጽሐፋቸው በ1948 ዓ.ም. ወጣ። ከለንደን በተመለሱ ማግሥት በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ፍቅር እስከ መቃብር ታተመ።

የታሪኩ መሠረት ቀላል ነው። በእናቱ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው የድኻ ልጅ በዛብህ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይቀጠራል። መምህርና ተማሪ ይዋደዳሉ። በመካከላቸው ግን የዘር ኩራት እንደ ግንብ ቆሟል። የልጂቱ አባት ለልጃቸው የሚመጥን ባል ሲመርጡና ሲያማርጡ ዕድሜዋ ያልፋል። ጉዱ ካሳ ሥርዓቱን አፍ አውጥቶ ስለሚነቅፍ እብድ ይባላል። ገበሬዎቹም በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ ላይ ይነሣሉ። በመጨረሻ ፍቅረኞቹ የሚገናኙት አንደኛው በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ነው፤ መቃብራቸውም አንድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መጽሐፉ የወጣው የባላባት ሥርዓት ገና በእግሩ ቆሞ ሳለ፣ ከ1966ቱ አብዮት ስምንት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ጸሐፊው ደግሞ የዚያው መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። በሥርዓቱ ውስጥ ተቀምጦ ሥርዓቱን መንቀፍ በሁለት በኩል ያስወቅሳል፤ ከላይ ያለው ውለታ ቢስ ይላል፣ ከታች ያለው ለምን ወጥተህ አትታገልም ይላል። እኔም በተማሪነቴ ዘመን ከሁለተኞቹ ወገን ነበርሁ። አሁን በመሥሪያ ቤት ብዙ ዓመት ቆይቼ ሳስበው ግን ፍርዴ ለዝቧል። ስለ ባላገሩ ችግር የሚጻፍ የጽሕፈት ቤት ሪፖርት ስንት ነው? ከመደርደሪያ ወርዶ የሰው እንባ ያመጣ ግን አላየሁም። ሀዲስ አንድ ሚኒስትር በመዝገብ ሊያስፈጽመው የማይችለውን ነገር በፍቅር ታሪክ ፈጸሙ፤ አንባቢው ኩራት ምን እንደሚያጠፋ በገዛ ልቡ እንዲመዝነው አደረጉ።

ሌላም ለሙያችን የሚቀርብ ነገር አላቸው። በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው የተደጋገሙ ፊደላት ቢቀነሱ ይበጃል ብለው ያምኑ ነበርና፣ ይህንኑ በመጽሐፋቸው መግቢያ ተንትነው በራሳቸው ጽሑፍ ሠርተውበታል። ስማቸውንም በሀሌታው ሀ እና በአልፋው አ ጽፈው ሀዲስ አለማየሁ ያሉት ስለዚህ ነው። ሐሳቡን ሁሉም አልተቀበለውም፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ከስማቸው በቀር የለመድሁትን አጻጻፍ ይዣለሁ። ነገር ግን ለሌላው የሚመክሩትን አስቀድሞ በራስ ሥራ ላይ መፈተን የጥሩ መሐንዲስ ጠባይ መሆኑን መካድ አይቻልም።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ቴሌቪዥን በአገራችን የጀመረው በ1957 ዓ.ም.፣ መጽሐፉ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ለብዙ ዘመን ግን የጥቂት ከተሜዎች ዕቃ ሆኖ ቆየ። መጽሐፍም ማንበብ የሚችለውን ብቻ ይጠቅማል። ሬዲዮ ግን ከአንዱ ቤት ሆኖ የመንደሩን ሁሉ ጆሮ ይሰበስባል። የመካከለኛው ሞገድ ምድርን ተከትሎ ይጓዛል፤ አጭሩ ሞገድ ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ ተራራውንና ገደሉን ይሻገራል። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረኩት ጊዜ፣ ለፊታውራሪው የፊታውራሪን፣ ለጉዱ ካሳ የጉዱ ካሳን ድምፅ ሰጡት። ጎረቤቴ እንደሚነግሩኝ በዚያ ሰዓት እንጀራ የምትጋግር እንኳ ምጣዷን ትታ ትወጣ ነበር። ደራሲው የጻፉት፣ ተራኪው ያነበቡት፣ ስሙ የማይነሣው ቴክኒሺያን ደግሞ ማሠራጫው እንዳይቋረጥ የጠበቀው ሥራ አንድ ላይ ሆኖ ቁስቋም ደረሰ።

ሀዲስ ከአብዮቱ በኋላም መጻፍ ቀጠሉ። ወንጀለኛው ዳኛ በ1974፣ የልምዣት በ1980፣ ትዝታም በ1985 ዓ.ም. ታተሙ። የመጨረሻውን ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፎ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። በኅዳር 1996 ዓ.ም. በዘጠና አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ከመካከላችን ብዙዎች ብዕር ከሙያችን ጋር አይሄድም፣ ጊዜም የለንም እንላለን። እኒህ ሰው ጦርነት፣ ግዞት፣ ኤምባሲና ሚኒስቴር መካከል ሆነው ጊዜ አገኙ። ሁላችን ደራሲ እንሁን አልልም። የምንሠራው መስመር፣ የምንተክለው ምሶሶ፣ የምንጠብቀው ማሠራጫ ግን የሚሸከመው ነገር ምን እንደሆነ አልፎ አልፎ ብናስብ መልካም ይመስለኛል። ጎረቤቴ ዛሬም ጭራሯቸውን ከደጃቸው አውርደው ሲያርፉ ስለ ሰብለ ወንጌል ያነሣሉ፤ በዛብህ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ እያሉም ይቆጫሉ።