አንደበቱ የተያዘው ሌኒን

አፍሪካ አዳራሽ አካባቢ ቆሞ የነበረውንና በግንቦት 1983 ዓ.ም. የወረደውን የሌኒን ሐውልት የሚያስታውሱ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። ሐውልቱ ወደፊት የሚራመድ ሰው ነበር። ሰውየው ግን በሕይወቱ የመጨረሻ አሥር ወራት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ ሐሳቡን በቃል መግለጽም ተስኖት ነበር።

ቭላድሚር ኢሊች ሌኒን እ.አ.አ. በ1870 በቮልጋ ወንዝ ዳር ሲምቢርስክ ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በ54 ዓመታቸው አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ሞተዋል። ወላጁ በስትሮክ የሞተበት ሰው ደም ግፊቱን በየጊዜው ይለካ የምንለው እንዲህ ያለው ነገር በቤተሰብ ስለሚደጋገም ነው። ልጁ ሕግ ተማረ፣ ታሰረ፣ ሳይቤሪያ ተጋዘ፣ ዓመታት በስደት ኖረ፤ በ1917 ደግሞ የሩሲያ አብዮት መሪ ሆነ። በዚህ ሁሉ መሣሪያው ንግግርና ጽሑፍ ነበር።

የመጀመሪያው ስትሮክ በግንቦት 1922 መታው። ሐኪሞቹ 12ን በ7 አባዛ ቢሉት አልቻለም፤ ለሰዓታት ታግሎ 12ን እየደጋገመ በመደመር መልሱን አገኘ። ያም ሆኖ አገገመና በኅዳር ወር ከሕዝብ ፊት ቆሞ ንግግር አደረገ። በታኅሣሥ ሁለተኛው መጣ። መጋቢት 10 ቀን 1923 የመጣው ሦስተኛው ግን ንግግሩን ወሰደው። በአብዛኛው ሰው ንግግርን የሚያንቀሳቅሰው የአንጎል ግራ ክፍል ነው፤ የቀኙን የሰውነት ጎን የሚያዘውም እሱ ነው። የቀኝ እጅና እግር ሽባነትና የንግግር መጥፋት አብረው የሚመጡት ለዚህ ነው። ችግሩ በሕክምና አፌዝያ ይባላል። ምላስ አልሰነፈም፣ ሰውየውም አላበደም፤ ቃሉን ፈልጎ የሚያወጣው የአንጎል ክፍል ነው የተጎዳው።

ሌኒን ከሞስኮ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ጎርኪ ተወሰደ። የቀረው አንድ ቃል ነበር፤ ቮት፣ በእኛ ይኸው እንደማለት። ሲስማማም፣ ሲቆጣም፣ ሲጠይቅም በድምፁ ቃና እየለየ እሱኑ ይደጋግም ነበር። ለንግግሩ ልዩ ሐኪም ተመደበለት። ይሁንና ሐኪሞችን ሲያይ መበሳጨት ስላበዛ፣ ከበጋው ጀምሮ ማስተማሩን ባለቤቱ ናዴዥዳ ክሩፕስካያ ያዘችው። ሙያዋ መምህርነት ነበር። ሥዕል እያሳየች፣ ፊደልና ቃል እያስደገመች፣ በግራ እጁ መጻፍ እያለማመደች ወራት ቆየች። እሱም ተሻለው። በምርኩዝ መራመድ ጀመረ፣ ጋዜጣ እያየ የሚነበብለትን በጣቱ ይመርጥ ነበር፣ በጥቅምትም ሞስኮ ደርሶ ተመለሰ።

ታዲያ ለውጡ የመጣው ከትምህርቱ ነው ወይስ በጊዜ ብዛት? ከስትሮክ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት አንጎል ራሱ በመጠኑ ያገግማል። ስለዚህ ከአንድ በሽተኛ ታሪክ ተነስቶ፣ የፈለገውን ያህል ታዋቂ ቢሆን፣ መመለስ አይቻልም። ሕክምናውን ያገኙትን ካላገኙት ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል። ኮክሬን የተባለው የተመራማሪዎች ስብስብ በ2016 ባወጣው ግምገማ 3,002 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 57 ጥናቶች አሰባስቦ ነበር። የንግግር ሕክምና ያገኙት ካላገኙት ይልቅ በዕለት ተዕለት መግባባት፣ በማንበብና በመጻፍ ተሽለው ተገኙ። በሳምንት ብዙ ሰዓት መሥራት የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ሲበዛ አቋርጠው የሚሄዱትም በዝተዋል። ለእኛ አገር እጅግ የሚጠቅመው ሌላው ነጥብ ነው፤ ሥልጠና ያገኙ በጎ ፈቃደኞች በሰጡትና ባለሙያው ራሱ በሰጠው ሕክምና መካከል ግልጽ ልዩነት አልታየም። የንግግር ሕክምና ባለሙያ እንደልብ በማይገኝበት አገር፣ ባለሙያው አንዴ አይቶ ያሳየውን ልምምድ ቤተሰብ በየቀኑ ቢያሠራው ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

ለውጡን ስትለኩ ግን ተጠንቀቁ። ሌኒን ክሩፕስካያን እየተከተለ ብዙ ቃላት ይደግም ነበር፤ በራሱ ተነስቶ የፈለገውን መናገር ግን አልሆነለትም። የተደገሙትን ቃላት የቆጠረ ድኗል ሊል ይችላል። እኔ የበሽተኛ ቤተሰብ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ውሃ ሲጠማው ያስታውቃል? የቱ ጋ እንደሚያመው ያሳያል? በቃል፣ በእጅ፣ በሥዕል፣ በምንም ይሁን፤ ካለፈው ወር ዘንድሮ ወር ሲነጻጸር መግባባቱ ቀለለ? ካልቀለለ ልምምዱ ይቀየር። እናንተም ቀስ ብላችሁ በአጭሩ ተናገሩ፣ ቃሉን ሊያወጣ ሲታገል አትቀድሙት፣ እንደ ሕፃንም አታናግሩት፤ አብዛኛውን ነገር ሊረዳ ይችላል።

ሌኒን ይረዳ ነበር። ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት ክሩፕስካያ የጃክ ለንደንን አጭር ልቦለድ አንብባለት ወዶታል። ጥር 21 ቀን 1924 በ53 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ ሲመረመር የአንጎሉ ደም ቧንቧዎች ክፉኛ ጠጥረውና ጠብበው፣ ከግራ በኩል ዋናው ቧንቧ ጨርሶ ተደፍኖ ተገኘ። እነዚያን ቃላት ሲደግም የነበረው በዚህ አንጎል ነው።